ከስንፍና በፊት ክህሎቱን እንመርምር፦ በኦንላይን ለሚማሩ የወሎ ተማሪዎች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ በኦንላይን የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትምህርቱ ሲሰለቸው ቤተሰብም ጓደኛም ስንፍና ነው ይሉታል። በእኔ እይታ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎድለው ክህሎት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው አሳይመንት ሳይደርስ የቀረበት ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ለመትጋት ልቡ አይነሳም። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከሁሉ አብልጦ የሚያገኘው ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት ነገር ነው። ስለዚህ ከትንንሾቹ ሥራዎች ጀምሩ።

ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ የፋይሉ ስም የኮርሱን ስምና የሥራውን ቁጥር ይያዝ። በዎርድ የጻፋችሁትን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፤ የተጠቀማችሁበት የግዕዝ ፎንት መምህሩ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የዎርዱ ገጽ ሊዛባ ይችላል፤ ፒዲኤፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ እንደተጻፈ ይከፈታል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ሥራውን ሲያስገቡ ነው። ሙድል በተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት በሚሰጥ ኮርስ ፋይሉን መጫን ብቻውን ማስገባት ላይሆን ይችላል፤ መምህሩ ተማሪው የመጨረሻውን የማስገቢያ ቁልፍ እንዲጫን አድርጎ ካዘጋጀው፣ ያ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ሥራው በረቂቅነት ይቆያል። ስለዚህ ገጹን መልሳችሁ ክፈቱ፣ ሥራው መግባቱን የሚገልጸውን መስመር በዓይናችሁ አንብቡ፣ ስክሪንሾትም አንሱ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን ለመጨረሻው ሰዓት ማቆየት ድካምን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ አስገቡ።

ዳታ ለመቆጠብ ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትን ማስተካከያ አጥፉ፤ የሚደመጥ እንጂ የሚነበብ ነገር የሌለበትን የዩቲዩብ ትምህርትም በዝቅተኛው የምስል ጥራት፣ በ144 ፒ፣ ተከታተሉ።

«ዛሬ አጠናለሁ» የሚል ዕቅድ አይያዝም፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሦስተኛውን ምዕራፍ ቪዲዮ አይቼ አንድ ገጽ እጽፋለሁ» የሚለው ግን ይያዛል። ብቻችሁንም አትማሩ። ዴሲ እና ራያን የተባሉት ተመራማሪዎች ከውስጥ ለሚመነጭ ተነሳሽነት ከነፃነትና ከብቃት ጋር ከሰው መተሳሰርን ይጠቅሳሉ፤ በወሎም ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራት የቆየ ልማድ ነውና ሦስት አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ያቃተውን አንድ ነገር ስክሪኑን እያሳየ ይጠይቅ፤ የሚያውቀውም ስልኩን ተቀብሎ ከሚሠራለት ይልቅ ጠያቂው በገዛ እጁ እየነካ እስኪሳካለት ድረስ አጠገቡ ይቀመጥ።