የግፊትና የስኳር ምርመራ ቀን በጅማ ሰፈሮች፦ ከሴቶች ቁጠባ ማኅበር ጋር አያይዛችሁ አዘጋጁት

ነፃ ምርመራ አለ ከተባለ ሰው አይጠፋም። ጭንቁ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ወረቀቷን ይዛ ወደ ጉሊቷ ትመለሳለች፤ ጤና ጣቢያ ልሂድ ካለች የግማሽ ቀን ገበያዋ ይቀርባታል። ምርመራውን ከሴቶች የቁጠባ ማኅበር ጋር ማያያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 በሕንድ አሕመዳባድ የመሠረተችው ሴዋ የተባለው የሴቶች ማኅበርም ቁጠባን፣ ጤናንና የሕፃናት ማቆያን አብሮ ያስኬዳል። ሠርታ አዳሪ ሴት ስትታመም ገቢዋም ቁጠባዋም አንድ ላይ ይቆማሉ።

ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት የከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ አነጋግሩ። ነርስ እንዲመድቡ ብቻ አትጠይቁ። ሪፈር የሚጻፍላቸውን በየትኛው ቀን እንደሚቀበሉ፣ የግፊቱ መድኃኒት አምሎዲፒንና የስኳሩ ሜትፎርሚን መኖሩን፣ የሞላውን ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ማን እንደሚረከብ አስቀድማችሁ እወቁ። መድኃኒት ከሌለ ቀኑን አራዝሙ።

ለ100 ሰው ሁለት ሴት ነርሶች፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የምትችል መዝጋቢ፣ ሁለት የክንድ ግፊት መለኪያና አንድ መጠባበቂያ፣ 120 ስትሪፕ (የስኳር መለኪያው ላይ የሚገባ፣ ደም የሚነካበት ቁራጭ)፣ 120 ላንሴት (ጣት መውጊያ መርፌ) ያዙ። ላንሴት ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው። የክንዷ ዙሪያ ከ32 ሳንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሴት ትልቁ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ ያስፈልጋል፤ የጠበበው ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ጅማ ላይ ልኬቱን በብዛት የሚያበላሸው ቡና ነው። ሰው ሲሰበሰብ ቡና ይፈላል፤ እናንተ ግን ቡናውን ከልኬቱ በኋላ አድርጉት። ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡናም ሲጋራም አይፈቀድም። ጫት ከዚያም በላይ ስለሚቆይ የቃመ ሰው ካርዱ ላይ ይጻፍበት። በርጩማ መደገፊያ የለውምና ወንበር ተከራዩ። ተመርማሪዋ ሽንት ቤት ሄዳ ትምጣና ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር፣ ሳታወራ አምስት ደቂቃ ትረፍ። ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይቀመጥ። እጅጌ ወደ ላይ ሲጠቀለል ክንድን ያንቃል፣ በልብስ ላይ መለካትም ያሳስታል፤ ስለዚህ መጋረጃ ጋርዱና እጅጌዋን ታውልቅ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና አማካዩን ጻፉ። 140/90ና ከዚያ በላይ ሌላ ቀን ይደገማል፤ በአንድ ቀን ልኬት “ግፊት አለብሽ” አይባልም። 180/120ን ካለፈ አሳርፋችሁ ድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ሳትጠብቁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰዷት።

ለስኳር መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። ማንጎ የላጠች ጣት የሌለ ስኳር ታሳያለች፤ ያልደረቀ አልኮልም ውጤት ያዛባል። የጣቱን ጎን ውጉ፤ ደሙን በኃይል አትጭመቁ። የጅማ እርጥበት ስትሪፕ ያበላሻል፣ አንድ ባወጣችሁ ቁጥር ዕቃውን ወዲያው ክደኑ። ስምንት ሰዓት ሳትበላ ቆይታ 126 (mg/dL)፣ በልታ ደግሞ 200ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍላት። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። የማኅጸን በር ካንሰር ምርመራ ድንኳን ውስጥ አይሠራም፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ስጧቸው።

ማኅበሩ ከ15 እስከ 25 አባላት ቢኖሩት ይበቃል። የቁጠባው ገንዘብ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሣጥኑ በአራተኛዋ ቤት ይሁን። ከብድሩ ገንዘብ ለይታችሁ በየሳምንቱ ትንሽ መዋጮ ለጤና አስቀምጡ። ይህ ገንዘብ ለሪፈር ትራንስፖርት፣ ለመድኃኒት፣ አቅም ላጠራትም ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይውላል። የመድን ምዝገባ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ስላለው ቀበሌ ጠይቁ። ወጪው ዕርዳታ እንጂ ብድር አይሁን፤ ብድር ከሆነ ብዙዎቹ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ገንዘብ ያዥዋ የሪፈር ካርዱን እንጂ ውጤቱን ማየት አያስፈልጋትም። ሪፈር የተጻፈላት ሴት ከመሄዷ በፊት ጉሊቷን የምትጠብቅላት አባል ትመደብ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩን አውጡና ያልሄዱትን ለየብቻ ምክንያታቸውን ጠይቁ። መድኃኒት የጀመሩት ደግሞ ደህና ሆንኩ ብለው እንዳያቋርጡ፣ ወርሃዊ መድኃኒታቸው የሚያልቅበትን ቀን ከቁጠባው ስብሰባ ቀን ጋር አገጣጥሙት።