ጌሙ «ግራፊክስ ካርድ አልተገኘም» ሲላችሁ፦ ካርዱን ያላየው ማን ነው?

ጌሙን ገና ስትከፍቱት «ተስማሚ ግራፊክስ ካርድ አልተገኘም» ብሎ ይዘጋል። አለዚያም ይከፈትና የካርዳችሁን ስም «ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል፤ ሴቲንጉን ሁሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርጎ ብዥ ያለ ምስል ፊታችሁ ይደቅናል። ይሄኔ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳወርድ አድሬ ጠዋት ያው መልእክት ጠበቀኝ። የማይበላን ቦታ ማከክ ማለት ይሄ ነው። ጌሙ ካርዱን በቀጥታ አያየውም። ዊንዶውስን ይጠይቃል፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ይጠይቃል፤ ካርዱን የሚያናግረው ድራይቨሩ ነው። ቅብብሎሹ የትም ቦታ ይበጠስ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ተመሳሳይ ነው። መፍትሄው ግን እንደተበጠሰበት ቦታ ይለያያል።

ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ፤ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ። ካርዱ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ በስሙ ፋንታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ኖሮ ቢጫ ምልክት ሊኖርበት ይችላል፤ ወይም ሁሉም ሰላም ሊመስል ይችላል። ያያችሁት ነገር ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል።

ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም

ይህ ከጌሙ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ካርዱን አውጥታችሁ መቆለፊያው «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ሰኩት። ቀጥሎ የኃይል ኬብሉን ተመልከቱ። ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው መሰኪያ ለካርዱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ኬብል ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ማራገቢያው ስለዞረ ብቻ ካርዱ በቂ ኃይል አግኝቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን የአምራቹን ፕሮግራም ክፈቱ፤ አንዳንድ የጌም ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ለጌም የሚሆነውን ትልቁን ካርድ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ሞድ አላቸው።

«ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል

ዊንዶውስ ካርድ መኖሩን አውቋል፤ የሚያናግርበት ድራይቨር ግን የለውም። ስለዚህ ዴስክቶፑን ለማሳየት ያህል በራሱ ተራ ድራይቨር ይጠቀማል፤ ለጌም ይሄ አይበቃም። የካርዱን ሞዴል ለይታችሁ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኢንቴል ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ድራይቨር ፈልጌ አዘምናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን እኔ አላምናቸውም።

ድራይቨሩ «ተስማሚ ሃርድዌር አልተገኘም» ብሎ አልጫንም ካለ ካርዱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የኤንቪዲያ የአብዛኞቹ የ600 እና የ700 ተከታታይ ካርዶች ድራይቨር በ470 ትውልድ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ትውልድ ብትሞክሩ ትርፉ ድካም ነው። ካርዱ አዲስ ሆኖም አልጫንም ካለ የአሮጌ ድራይቨር ቅሪት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት መንገድ) አስነሱ፣ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አጽዱና አስቀድማችሁ ያወረዳችሁትን ጫኑ። ኢንተርኔቱን የምታቋርጡት ዊንዶውስ ቀድሟችሁ የራሱን ድራይቨር እንዳይጭን ነው።

ቢጫ ምልክት አለ

ስሙን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፤ የስህተቱ ቁጥር እዚያው ተጽፏል። በብዛት የሚያጋጥመው ኮድ 43 ነው፦ ካርዱ ራሱ ችግር ስላሳወቀ ዊንዶውስ አስቁሞታል። ከላይ እንዳልኩት ድራይቨሩን አጽድታችሁ ጫኑ። ካልተስተካከለ ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ እዚያም ያው ከሆነ የተበላሸው ካርዱ ነው።

ያገለገለ ካርድ ከገዛችሁ አንድ ጥርጣሬ ጨምሩ። አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን የሚናገረው ውስጣዊ ሶፍትዌሩ) ተቀይሮ በአዲስ ካርድ ስም ይሸጣል፤ በስሙ የመጣውን ድራይቨር ስትጭኑ ይንገዳገዳል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ መመርመሪያ ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን አንዳንድ ካርዶች «ፌክ» ብሎ ያጋልጣል።

ሁሉም ሰላም ነው፤ ጌሙ ብቻ ነው የማያየው

ሰውን የሚያደክመው ይሄኛው ነው።

ዴስክቶፕ ካላችሁ ከኋላ ዞራችሁ የስክሪኑ ኬብል የት እንደተሰካ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ጌሙ የሚያገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ግራፊክስ ሊሆን ይችላል። ኬብሉን ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩት። ቀላል ነው ብላችሁ አትዝለሉት፤ ኮምፒውተር የሚገጥሙ ሰዎች እንኳ ይስቱታል።

የጌም ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ካርድ ነው ያለው፤ ትልቁ ካልተጠራ ይተኛል። ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ኦፕቲመስ ብሎ ያስተዋወቀው በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ጌሞች ሁለተኛ ካርድ ይኖራል ብለው አያስቡም፣ መጀመሪያ ያገኙትን ይዘው ይቀራሉ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብላችሁ ግቡና ጌሙን ጨምሩ፤ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን ምረጡ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላውንቸሩን (ጌሙን የሚያስነሳውን ሌላ ፕሮግራም) በመጨመር ነው። መጨመር ያለበት ዋናው የጌሙ ፋይል ነው። ከዚያ ጌሙ ክፍት እያለ ታስክ ማናጀር ውስጥ የትኛው ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) ሥራ እንደበዛበት ተመልከቱ።

«ትንሿን ካርድ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ዲሴብል አድርጋት» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አታድርጉት። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ምስሉ ወደ ስክሪኑ የሚያልፈው በትንሿ በኩል ነው። እሷን ስትዘጉ ትልቁም አብሮ ይታሰራል።

ጌሙ አሮጌ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በ2000ዎቹ የወጡ አንዳንድ ጌሞች የሚያውቋቸውን ካርዶች ዝርዝር በፋይል ይዘው ነው የሚመጡት። ካርዳችሁ ከጌሙ በኋላ ስለተሠራ እዚያ ውስጥ የለም። በ2009 የወጣው ዘ ሲምስ 3 ጥሩ ምሳሌ ነው፦ «ግራፊክስካርድስ» የሚባል ፋይል አለው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። መጀመሪያ ፋይሉን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ከካርዱ ፕሮፐርቲስ «ዲቴይልስ»፣ ቀጥሎም «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። የአምራቹ ቁጥር ኢንቴል ከሆነ 8086፣ ኤኤምዲ ከሆነ 1002 ነው፤ የኢንቴሉ ቁጥር የዝነኛው ፕሮሰሰራቸው ስም መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ከሱ ቀጥሎ ያለው የካርዱ ቁጥር ነው። በፋይሉ ውስጥ የአምራቹን ክፍል ፈልጋችሁ፣ ከተጻፉት መስመሮች አንዱን ቀድታችሁ ቁጥሩንና ስሙን በራሳችሁ ካርድ ተኩ።

«የቪዲዮ ሜሞሪ 0» ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ካያችሁም አትደንግጡ። አሮጌ ጌም ሜሞሪውን በ32 ቢት ነው የሚቆጥረው፤ 4,294,967,295 ባይት ላይ ሲደርስ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ ዜሮ ይገባል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ያለው ካርድ ባዶ ሊመስለው ይችላል። በ2008 ለኮምፒውተር የወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ 4 በሜሞሪ ስሌት ሴቲንጉን ሲከለክላችሁ፣ ጌሙ ፎልደር ውስጥ «ኮማንድላይን» የሚባል የቴክስት ፋይል ፈጥራችሁ «ኖሪስትሪክሽንስ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ከፊቱ ሰረዝ አድርጋችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉበት።

አዲስ ጌም ሆኖ ስለ «ፊቸር ሌቭል» (ካርዱ የሚችለው የግራፊክስ ደረጃ) የሚያወራ መልእክት ካመጣ ደግሞ ሰርች ላይ ዲኤክስዲያግ ብላችሁ ክፈቱ። ዳይሬክትኤክስ ጌሞች በካርዱ የሚጠቀሙበት የዊንዶውስ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ገጽ «ዳይሬክትኤክስ 12» ስላለ ካርዳችሁ 12ን ይችላል ማለት አይደለም፤ እሱ የዊንዶውሱ ቁጥር ነው። የካርዱን አቅም የሚነግራችሁ ዲስፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ ያለው የፊቸር ሌቭል መስመር ነው። ጌሙ የሚፈልገው ቁጥር እዚያ ከሌለ፣ ድራይቨሩም ትክክለኛው ከሆነ፣ ካርድ ከመቀየር ሌላ መላ የለም።

ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ እምቢ አለ

ዊንዶውስ አፕዴት ሌሊት ድራይቨሩን ቀይሮት ይሆናል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱን ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለውን ክፈቱና «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ የሚመለስበት የቀድሞ ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ የቀድሞውን ቁጥር ከአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ራሳችሁ ጫኑት።