የአየር መንገድ ስፖንሰር ወይስ ሌላ የበረራ ት/ቤት? ከመፈረም በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት አብራሪ መሆን የሚመኝ ልጅ ብዙ ነው። ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ ምርጫው የሚወሰንበት መንገድ ነው። አንዱ ቤት «አየር መንገድ ካላስተማረህ ተወው» ይባላል። ሌላው ቤት ልጁን የግል ት/ቤት ለማስገባት የከተማ ቤታቸውን የሚሸጥላቸው ደላላ ተጠርቷል። ሁለቱም ጋ ወረቀቱን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው የለም። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ነገሩ መሃል ላይ ቢበላሽ ዕዳው የማን ነው? ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

«ስፖንሰር ማለት ነፃ ነው» ብሎ መፈረም

ነፃ አይደለም። አየር መንገድ ለአንድ ሰልጣኝ የሚያወጣው ገንዘብ ከባድ ነው፣ የሚመልሰውም በእናንተ የአገልግሎት ዓመታት ነው። ስለዚህ ውል አለ፣ ውሉ ላይ የግዴታ ዘመን አለ፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠየቃል። ዋሱ ደግሞ እኛ አካባቢ ማን እንደሚሆን ይታወቃል፤ ደመወዝተኛ አጎት፣ አስተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ። ቡና እየተጠጣ ወረቀቱ ይመጣል። «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው» ይባላል። ጋሼም የልጁን ደስታ ላለማደፍረስ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈርማሉ። የፊተኞቹን ገጾች ማንም አልገለጣቸውም።

መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው። ልጁ ሥልጠናውን ቢያቋርጥ ስንት ይከፈላል? በራሱ ፈቃድ ሲወጣና ፈተና ወድቆ ሲሰናበት ልዩነት አለው? የግዴታው ዘመን የሚቆጠረው ሥልጠና ከገባበት ቀን ነው ወይስ ሥራ ከጀመረበት? አንድ ዓመት ባገለገለ ቁጥር ዕዳው ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሙሉ ነው? እነዚህን ሳታነቡላቸው ጋሼን አታስፈርሟቸው። ነውር ነው።

ይህን ስል ስፖንሰሩን እያጣጣልኩ አይደለም። እድሉን ካገኛችሁ፣ ውሉንም አንብባችሁ ከተስማማችሁበት፣ ለአብዛኛው የእኛ ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው መንገድ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የሥልጠናው ወጪ ከቤተሰብ ጫንቃ ይወርዳል፣ ሥራውም ከፊት ለፊት ይታያል።

ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ የአየር መንገድ ፕሮግራሞች ግን «ኤም ፒ ኤል» የሚባለውን ፈቃድ ነው የሚሰጡት። ቢያንስ 240 የሥልጠና ሰዓት ይጠይቃል፣ ትልቁ ድርሻ በሲሙሌተር (መሬት ላይ ባለ የበረራ ማስመሰያ) ሊሞላ ይችላል፣ የተዘጋጀውም ሁለት አብራሪ ለሚያበሩት አውሮፕላን ነው። አየር መንገዱ ቢተዋችሁ ይህን ብቻ ይዞ ብቻን በሚበረር ትንሽ አውሮፕላን ሥራ መቀጠር አይቻልም፣ ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል። የምትወጡበት ፈቃድ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠይቁ።

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ ሙሉ ዋጋ አድርጎ መያዝ

እዚህ ላይ ትንሽ ላርዝም፣ ቤተሰብ ክፉኛ የሚጎዳው እዚህ ነውና። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ (እየተከፈለ ለማብረር የሚያስችለው) ዝቅተኛው የበረራ ሰዓት 200 ነው፤ ሥልጠናው በተፈቀደ ት/ቤት በተከታታይ ከተሰጠ 150። ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚወጣው በዝቅተኛው ሰዓት ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ በዝቅተኛው አይጨርስም። ክረምት ይመጣል፣ አየሩ ይደፈርሳል፣ አውሮፕላኑ ጥገና ይገባል፣ ሳትበሩ ሳምንታት ትቀመጣላችሁ፣ ስትመለሱ እጃችሁ ቀዝቅዟል፣ የረሳችሁትን ለማስታወስ የምትበሩት እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ ይከፈልበታል። የፈተና ክፍያ አለ። የፈታኙ አበል አለ። ወድቆ መድገም አለ። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት አለ። የባለ ሁለት ሞተርና የመሣሪያ በረራ (ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ እየተመሩ የመብረር) ሥልጠናው ዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይ? ተቀጥራችሁ ትልቅ አውሮፕላን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ለዚያ አውሮፕላን ዓይነት ብቻ የሚወሰደው «ታይፕ ሬቲንግ» አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የለም፣ እሱም ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ነው።

በዚህ ላይ የዶላር ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር አጠራቅሞ በዶላር የሚከፈል ት/ቤት ልጁን ያስገባ አባት ቀሪው ክፍያ ቁጭ ባለበት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ክፍያው የሚቆረጠው በብር ነው ወይስ በዶላር? መሃል ላይስ ይጨመራል? በቃል «አይ፣ አትስጉ» የሚል መልስ አይበቃም፣ በጽሑፍ ይሁን።

እኔ ብሆን ከተነገረኝ ዋጋ ላይ ቢያንስ ሩብ ያህል ጨምሬ ሳልይዝ አልጀምርም። ግማሽ መንገድ ላይ ገንዘብ ላለቀበት ሰልጣኝ ግማሽ ፈቃድ የሚሰጥ የለም። ያቺ የተሸጠች ቤት ደግሞ የእናትየው መጦሪያ ነበረች።

ገንዘቡን በአንዴ ከፍሎ መገላገል

«ሙሉውን ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» ስትባሉ አትቸኩሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የሠራው ታይሳይድ አቪዬሽን እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ሲዘጋ አስቀድመው የከፈሉ ሰልጣኞች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ስምና ዕድሜ ዋስትና አይደለም። በየደረጃው ክፈሉ፣ ለእያንዳንዱም ደረሰኝ ያዙ።

የሕክምና ምርመራውን መጨረሻ ላይ ማድረግ

ይኼ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በቀላሉ የሚቀር ጥፋት ነው። ለንግድ አብራሪነት አንደኛ ደረጃ የሚባለው የሕክምና ማረጋገጫ የግድ ነው። የሚሰጠውም በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ሐኪም ነው፣ ሠፈር ክሊኒክ አይሠራም። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ደም፣ ሁሉም ይታያል። ቀይና አረንጓዴ ቀለም መለየት የሚቸግረው ልጅ ችግሩን ሳያውቀው አድጎ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው በነጠብጣብ ቀለማት መሃል የተደበቀውን ቁጥር አንብብ ሲባል ነው። ይህን ከመክፈል በፊት ማወቅና ከከፈሉ በኋላ ማወቅ ለየቅል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ መነጽር ስላደረገ ብቻ ተስፋ የቆረጠ አለ። በዓለም አቀፉ መመዘኛ በመነጽር ተስተካክሎ የሚፈለገው ደረጃ ላይ የሚደርስ ዓይን ያልፋል። ቀጣሪው የራሱን ተጨማሪ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል የእሱን ማስታወቂያም አንብቡ።

ፈቃድ ከያዝኩ ሥራ አላጣም ማለት

አገራችን ውስጥ ትልቁ ቀጣሪ አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ። እሱ ደግሞ የራሱን አብራሪዎች በራሱ ማሠልጠኛ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ ያወጣል። ሌሎቹ የቻርተርና የትናንሽ አውሮፕላን ድርጅቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የግል ት/ቤት ስትጎበኙ አዳራሹን፣ ሲሙሌተሩንና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተመረቁ ልጆችን ስልክ ጠይቁ። ደውሉላቸው። አሁን ምን ይሠራሉ? ለመጨረስ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? በሳምንት ስንት ቀን ይበሩ ነበር? ስልክ የማይሰጥ ት/ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ውጭ ተምሬ እመለሳለሁ ብሎ ፈቃዱን አለማጣራት

ደቡብ አፍሪካም ሆነ አሜሪካ የተገኘ ፈቃድ የዚያ አገር ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። እዚህ ለመሥራት በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን መመዘንና መለወጥ አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ ምን እንደሚጠየቅ ጠይቁ፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ ነው። አሜሪካ ሄዶ እየሠሩ ለመማር የሚያስቡ ደግሞ የተማሪ ቪዛ እንደልብ እንደማያሠራ ይወቁ።

ሌላም አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻ የበረረ ልጅ ይህን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ማጥናቱን እዚያው ሆናችሁ ጀምሩት።

«ዘመድ ከሌለህ አየር መንገድ አይገባም» ብሎ አለመሞከር

ሞክሩ። መስፈርቱን ካሟላችሁ ተመዝገቡ፣ ካልሆነም ድገሙት። ብር አምጡና አስገባችኋለሁ የሚል ሰው ከመጣ ግን ሌባ ነው፣ አባሩት።

የማስታወቂያ መጠበቂያውን ጊዜም አታባክኑት። የጀመራችሁትን ዲግሪ አትተዉ። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ አርክቴክቸር የተማረች ናት። ዲግሪው መንገድ አልዘጋባትም።

እንግሊዝኛን በወረቀት ብቻ ማወቅ

እኛ ጋ ፊዚክስ የሚደፍን፣ እንግሊዝኛ ፈተና ላይም የማይቸገር፣ አፉን ሲከፍት ግን የሚያፍር ልጅ ሞልቷል። ለዓለም አቀፍ በረራ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን እንግሊዝኛ መመዘኛ ቢያንስ ደረጃ 4 የንግግርና የመስማት ብቃት ይጠየቃል። ሬዲዮ ላይ ከፍታው፣ አቅጣጫው፣ የመንደርደሪያው ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ይነገራችኋል፣ ወዲያው መልሳችሁ መናገር አለባችሁ። ይህ ደግሞ ስፖንሰር ብታገኙም በራሳችሁ ብትከፍሉም አይቀርላችሁም። አንድ ጓደኛ ያዙ፣ አንዱ መቆጣጠሪያ ማማ ሌላው አብራሪ ይሁን፣ ቁጥሮቹን ጮክ ብላችሁ ተቀባበሉ፣ በስልካችሁ ቅዱትና መልሳችሁ ስሙት። ይህኛው ሥልጠና ምንም አያስከፍልም።