ሐዋሳ ላይ ቴርሞሜትርን መፈተሽና ግፊትን በትክክል መለካት

ሐዋሳ ላይ የሚፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳየ የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 82.5 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል 101.3 ነው። በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው 94.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ፍተሻውን በበረዶ ይጀምሩ። በረዶውን ሰባብረው ብርጭቆ ይሙሉና ክፍተቱን ብቻ የሚሸፍን ንጹሕ ውኃ ይጨምሩ። አማስለው ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ግድግዳውን ሳይነካ መሀል ላይ ሆኖ 0 ማሳየት አለበት። ከፍታ የበረዶን መቅለጫ የሚለውጠው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ውኃው ከበዛና በረዶው ላይ ላዩን ከተንሳፈፈ ግን የታችኛው ውኃ እስከ 4 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ንባቡ ያሳስታል።

ቀጥሎ ውኃ በደንብ እስኪንተከተክ ያፍሉ። ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ፤ ብረቱ ከውኃው ይበልጥ ይግላል። በበረዶው 1፣ በፈላው 95.3 ካነበቡ ከማንኛውም ንባብ 1 መቀነስ ይበቃል። በፈላው 96.3 ከሆነ ግን ክፍፍሉም ተዛብቷል፦ 1 ቀንሰው ቀሪውን በ94.3 ያባዙና ለ95.3 ያካፍሉ።

አነስተኛ ግፊት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ውስጡ ከ8 ሚሊሜትር የማይጠብ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ቱቦ ሁለቱ እጆቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ታቹን አጥፈው ጣውላ ላይ ይሰሩት። ቀለም የገባበት ውኃ እስከ ግማሹ ይጨምሩ። ሁለቱም አፎች ክፍት ሆነው ውኃው እኩል ካልቆመ ውስጡ የአየር አረፋ አለ፤ ቱቦውን መታ መታ አድርገው ያውጡት። ከዚያ አንዱን አፍ ከሚለካው ነገር ጋር ያገናኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአንዱን እጅ ጭማሪ ብቻ ሲለካ ነው፤ ያ ግማሹን ብቻ ይሰጣል። የሚለካው በሁለቱ የውኃ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር 98 ፓስካል ስለሆነ 20 ሴንቲሜትር 1.96 ኪሎፓስካል ይሆናል።

ይህ ግን ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ብቻ ነው። ፍጹም ግፊቱን ለማግኘት 82.5 ይደምሩበት፤ 84.5 ይሆናል። እዚህ ላይ የመማሪያ መጽሐፉን 101.3 መደመር ለሐዋሳ ስሕተት ነው። የስልክ አየር ጠባይ መተግበሪያዎችም ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረውን ቁጥር ስለሆነ አይጠቀሙበት። ስልኩ ውስጥ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካለ ግን የሚሰጠው የቦታውን እውነተኛ ግፊት፣ 825 ሄክቶፓስካል አካባቢ (ማለትም 82.5 ኪሎፓስካል) ነው።

በጋዝ ስሌት ውስጥ ሙቀቱም ከፍጹም ዜሮ መነሳት አለበት፤ ለሴልሺየሱ 273 ሲደምሩ ኬልቪን ያገኛሉ። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ 32 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ግፊት የሚነገርበት አሃድ) የተነፋ የመኪና ጎማ በጌጅ፣ ማለትም ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ በሚያነበው መለኪያ 220.6፣ በፍጹም ግፊት 303.1 ኪሎፓስካል ነው። ጎማው ውስጥ ያለው አየር 45 ዲግሪ ሲደርስ 303.1ን በ318 አባዝተው ለ293 ያካፍሉ፤ 329 ይመጣል። 82.5 ሲቀነስ ጌጁ 36 ፒ ኤስ አይ ገደማ ያነባል። በኬልቪን ፈንታ 45ን ለ20 ቢያካፍሉ ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይወጣል። የጎማ ግፊት መለካት ያለበትም መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ሞቆ 36 ሲያነብ ማስተንፈስ ሲቀዘቅዝ ከ32 በታች ያወርደዋል።