በሐረር ከፍታ የሚለማ የወይን ተክል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 700 ሜትር ያህል ነው። በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በለጥ እያለ ስለሚቀንስ፣ ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ዳስ ላይ ተንጠልጥሎ በደህና የሚያፈራው ወይን ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ወይም ሐረር ዳገት ላይ ሲተከል ጠባዩ ይለወጣል። እዚህ የምንመለከተው ለመጥመቂያ የሚለማውን ወይን ሲሆን፣ በእኔ አመለካከት ከሚያጋጥሙት ችግሮች አብዛኞቹ፣ በሽታ የሚመስሉትም ጭምር፣ መነሻቸው ተክሉ የተገረዘበት ቀን ነው።

ከግረዛ በኋላ ጫፉ ብቻ ያቆጠቁጣል

ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ዓይኖች (ቡቃያ የሚወጣባቸው እብጠቶች) ፈንድተው ሲለመልሙ፣ ወደ ግንዱ የተጠጉት ተኝተው ይቀራሉ። ችግሩ ከቆየ ደግሞ በአንድ ተክል ላይ አበባ፣ ጥሬ ፍሬና የበሰለ ዘለላ አንድ ላይ ይታያሉ፤ እንዲህ ያለ ማሳ በአንድ ቀን ተለቅሞ ለጠመቃ ሊደርስ አይችልም።

ወይን በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል የብርድ ወራት ሲመጡ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ዓይኖቹ በኋላ እኩል የሚነቁትም ያንን ብርድ ስላገኙ ነው። ሐረር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ ተክሉ እንቅልፍ አያገኝም። በመሆኑም እንቅልፉን የሚሰጠው ገበሬው ራሱ ነው። ከግረዛው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ውሃ ማቋረጥና ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ዋናው ግረዛ በሚደረግበት በነሐሴ ዝናቡን ማቋረጥ ስለማይቻል ተስፋው በቅጠል ማራገፉ ላይ ነው። ረዥም ቅርንጫፍ ከመተው ይልቅ ሁለት ዓይን ብቻ አስቀርቶ አሳጥሮ መግረዝ፣ ረዥም መተው ግድ ከሆነም በሽቦው ላይ አጉብጦ ማሰር፣ ጫፉ ሌሎቹን ዓይኖች እንዳይጫን ያደርጋል። ሃይድሮጅን ሳያናሚድ የተባለው ኬሚካል እንደተገረዘ ሲረጭ ዓይኖቹን በእኩል ይቀሰቅሳል፤ ነገር ግን ለሰው መርዛማ ነው፤ የረጨው ሰው በዚያ ሰሞን አልኮል ከቀመሰ ደግሞ በብርቱ ይታመማል። ለወይን ጠጅ ለሚለፋ ሰው ይህ ሳይከብድ አይቀርም፤ ቢሆንም ጓንትና ጭምብልም ሆነ ከመጠጥ መታቀብ ለድርድር አይቀርቡም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ዋናው ግረዛ በነሐሴ መጨረሻ ቢደረግ ቡቃያው ክረምቱ ሲወጣ ብቅ ይላል፣ አበባው በደረቅ አየር ይከፈታል፣ ፍሬውም በጥርና በየካቲት ፀሐይ ይበስላል። ከለቀማው በኋላ በመጋቢት በሚደረገው ሁለተኛ ግረዛ የሚወጣውን ዘለላ ግን ገና በአበባነቱ መቁረጥ ይገባል። በበልጉ ዝናብ ያደገ ፍሬ የሚበስለው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ሻጋታ ይቀድመዋል፤ ሁለት ምርት ለማግኘት ተብሎ የተተወ ዘለላ ብዙ ጊዜ ዋናውንም ምርት ያዳክማል።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል

እዚህ ላይ ሁለት በሽታዎች ስለሚምታቱ መድኃኒቱም ይሳሳታል። ቅጠሉን ቆርጠው በአውራ ጣትዎ ይሹት። ነጩ ነገር ላይኛው ገጽ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ፓውደሪ ሚልዲው ነው። ላይኛው ገጽ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ፣ ከነጠብጣቡ ትይዩ በታችኛው ገጽ ላይ ጥጥ የመሰለ ሽበት ካበቀለ ግን ዳውኒ ሚልዲው ነው፤ ይህኛው እርጥብ ሌሊት ባለፈ ማግስት ማለዳ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ዳውኒ ሚልዲው ያለ ዝናብ ወይም ጤዛ አይዛመትም፤ ስለዚህ የሚያሰጋው በመስከረምና በበልግ ነው። መከላከያው ከዝናቡ አስቀድሞ የሚረጭ የቦርዶ ድብልቅ ነው። ለ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 100 ግራም በውሃ የበረደ ኖራ (ሃይድሬትድ ላይም) በየፕላስቲክ ባልዲያቸው ከተሟሙ በኋላ ይቀላቀላሉ። ንጹሕ ቢላዋ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲነከርበት መዳብ ከለበሰ ኖራው አንሷል ማለት ስለሆነ፣ ኖራ ሳይጨመርበት ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ፓውደሪ ሚልዲው በተቃራኒው እርጥብ ቅጠል አያስፈልገውም፤ ለብ ያለ አየርና ጥላ ይበቃዋል። ከ1,800 ሜትር በላይ ያለው የበጋው አየር በጣም ይስማማዋል፤ «በበጋ በሽታ የለም» ብለው የተዘናጉ ሰዎችን ደጋግሞ የሚጎዳውም እርሱ ነው። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጀምሮ፣ አበባው ከረገፈ አንድ ወር እስኪሆነው ድረስ፣ በየ10 እስከ 14 ቀኑ ድኝ ይረጫል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ድኝ ቅጠል ስለሚያቃጥል በማለዳ መርጨት ይሻላል። ለቀማው አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ደግሞ ይቆማል፤ በፍሬው ላይ የቀረ ድኝ በመብላላት ጊዜ ለወይን ጠጁ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይሰጠዋልና።

ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል

ቢጫነቱ ከየት እንደጀመረ ይመልከቱ። ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ ብዙ ጊዜ የማግኒዥየም እጥረት ነው፤ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ጅማቶቻቸው አረንጓዴ እንደሆኑ መካከሉ ብቻ ቢገረጣ የብረት እጥረት ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት ስለሚገኝ ሁለተኛው የተለመደ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ሲደረግ አረፋ ከፈላ በአፈሩ ውስጥ ኖራ አለ፤ ብረቱም አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊስበው አልቻለም። በዚህ ዓይነት አፈር ላይ ተራ የብረት ሰልፌት መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኖራ የማያስረውን፣ ኬሌት የተባለውን የብረት ውህድ ለሥሩ መስጠት፣ ውሃ የሚቋጥረውን ቦታ ማንጣፈፍ፣ ለአዲስ ተከላ ደግሞ ኖራን በሚችል ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ መምረጥ ያስፈልጋል።

ቅጠሉ ጠብቦ እንደ ማራገቢያ ይታጠፋል

የቅጠሉ ጠርዝ ሹል ጥርስ አውጥቶ የቅጠሉ ጅማቶች ጎን ለጎን ከተሰደሩ፣ ቫይረስ ነው ከማለት በፊት በአቅራቢያው የማሽላ ወይም የበቆሎ ማሳ መኖሩን ያጣሩ። ለአረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ በነፋስና በትነት ርቆ ይሄዳል፤ ወይን ደግሞ ለዚህ ኬሚካል እጅግ ስስ ነው። ማርከሻ የለውም፤ ተክሉ በአዲስ ቡቃያ ቀስ በቀስ ያገግማል። ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢያንስ ቡቃያውና አበባው ባሉበት ወቅት በእጅ እንዲታረም መስማማት ከሁሉ ይሻላል።

ፍሬው ይጣፍጣል፤ ነገር ግን አፍ ይጎመዝዛል ወይም ቆዳው ያርራል

የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ስኳሩ ሲሞላም አሲዱ አይወርድም። ይህ በልክ ሲሆን ለጥሩ ወይን ጠጅ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን መንስኤው ብዙውን ጊዜ ዘለላው መብዛቱና ጥላ መሆኑ ነው። በየቡቃያው አንድ ዘለላ ብቻ ማስቀረትና በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል በምሥራቅ በኩል ብቻ መንቀል ይበቃል። የምዕራቡ ቅጠል ከተነቀለ የከሰዓቱ ፀሐይ፣ ከፍታው ከሚያበረታው አልትራቫዮሌት ጨረር ጋር፣ ፍሬውን ያሳርረዋል። ቅጠል መንቀሉም ፍሬው እንደ ሽምብራ ሳለ መሆን አለበት፤ በጥላ ያደገ ፍሬ ሲበስል በድንገት ለፀሐይ ቢጋለጥ አይችለውም።

በሸለቆ ወለል ላይ ያለው ተክል ብቻ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ተጠብሶ ካደረ ውርጭ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ ለሚቀጥለው ተከላ ተዳፋቱን ይምረጡ። ለወፍ፣ ማሽላ ጠባቂ በማማና በወንጭፍ የሚያደርገው ለሰፊ ማሳ እንጂ ለወይን አይበቃም፤ የወፍ መከላከያ መረብ ፍሬው መለስለስ ሳይጀምር ይዘርጋ፤ ዳርና ዳሩም እስከ መሬት ይድረስ።