ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ልማር? መጀመሪያ ሂሳቡ

ደብተር አውጣ። የግል ኮሌጅ ከሆነ የሴሚስተሩን ክፍያ በስምንት አባዛው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ወጪ መጋራት ትፈርማለህ፣ ሥራ ስትይዝ ከደሞዝህ ይቆረጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ የሐረጎን ተራራ መንገድ በየቀኑ መውረድና መውጣት ኪስ ያራግፋል። ላፕቶፕም አለ። ትልቁ ወጪ ግን ማንም የማይጽፈው ነው፦ በአራቱ ዓመት ሠርተህ ታገኘው የነበረው ገንዘብ።

አሁን ወደ ገቢው። ባንክ ቤት ተሰልፈህ «ሲስተም የለም» ተብለህ ታውቃለህ አይደል? ትምህርቱ የሚያወራው ስለዚያ ሲስተም ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ የሥራው ሂደት፣ ትንሽም አካውንቲንግ። ስለዚህ ኮድ ብቻ የሚያምርህ ከሆነ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ጠይቅ።

ለአንድ ወር የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ እየዞርክ አንብብ። ስንቱ «ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወይም ተመሳሳይ» ይላል? ከነዚያ ውስጥ ስንቱ «0 ዓመት» ይቀበላል? ደሞዙ «በስምምነት» ከሆነ ደውለህ ጠይቅ፣ አትፈር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ የምታውቀው ሰው ካለም ቡና ጋብዘውና መጀመሪያ ስንት እንደተከፈለው አውጣጣው።

ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ። ኮሌጅ ከመምረጥህ በፊት ካለፈው ዓመት ተማሪዎቹ ስንቱ እንዳለፉ ጠይቅ፤ መልሱን ካድበሰበሱብህ ብርህን ይዘህ ውጣ።