ማንዋሉን ተከትሎ የተጻፈ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) አልሠራ ሲል፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ምልክት፦ ተጠቃሚው ምሳሌውን ከማንዋሉ ቃል በቃል ገልብጦ ሳለ «ሲንታክስ ኤረር» (የትዕዛዝ አጻጻፍ ስህተት) የሚል መልእክት ይመጣበታል።

መንስኤ፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የአንድ ትዕዛዝ ሙሉ ሲንታክስ በመማሪያውም በማጣቀሻውም መጻፉና ሶፍትዌሩ ሲታደስ አንደኛው ብቻ መታረሙ ነው። በፖስትግሬስኪውኤል (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) ላይ ለተሠራ የአንድ ድርጅት ሥርዓት የተዘጋጀ ማንዋል ሳርም፣ የመማሪያው ምሳሌ በ«ሊሚት 10» (ከአሥር ረድፍ በላይ አታውጣ ማለት ነው) ያልቅ ነበር፤ በኋላ ውጤቱ በቀን ተራ እንዲወጣ የፈለገ ሰው «ኦርደር ባይ»ን ከመጨረሻው ላይ ቀጠለበት፣ ሞክሮም አላየውም። ማጣቀሻው ግን «ኦርደር ባይ» ከ«ሊሚት» እንደሚቀድም በትክክል ይናገር ነበር። የስህተት መልእክቱ የሚጠቁመው «ኦርደር» የሚለውን ቃል በመሆኑ፣ አንዲት ባልደረባችን ጥፋቱ የፊደል መስሏት ቃሉን እየደጋገመች ስትጽፍ ከሰዓት በኋላውን ጨረሰች።

መፍትሄ፦ ሙሉው ቅርጽ በማጣቀሻው ውስጥ፣ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ገጽ ተሰጥቶት ይቀመጥ፤ መማሪያው የተሞከረ አጭር ምሳሌ አሳይቶ ወደዚያ ገጽ ይምራ። የፖስትግሬስኪውኤል ማንዋል በምዕራፍ 7 ስለ ኩዌሪ ያስተምርና ዳታ አውጥቶ የሚያሳየውን የ«ሴሌክት» ትዕዛዝ ዝርዝር በማጣቀሻው ክፍል ያስቀምጣል። ይበልጥ የምወድለት ግን ፒኤስኪውኤል (ለፖስትግሬስኪውኤል ትዕዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ስለ ትዕዛዙ እርዳታ ሲጠየቅ የሚያወጣው የሲንታክስ ጽሑፍ ከዚያው የማጣቀሻ ገጽ ምንጭ የሚመነጭ መሆኑ ነው፤ ገጹን ያረመ ሰው እርዳታውንም አብሮ አረመ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልተሞከረ ምሳሌ አታውጡ። ምሳሌዎቹ በየእትሙ በማሽን ይፈተኑ፤ «ትንሽ ለውጥ ናት» ተብላ ያለፈችው ናት ከላይ ያለውን ጣጣ ያመጣችው።

ምልክት፦ ተጠቃሚው በማጣቀሻው የሲንታክስ ቅርጽ ውስጥ ያለውን ካሬ ቅንፍ ጭምር ይጽፋል። መንስኤው ቅንፉ «ቢቀርም ይቻላል» ማለት መሆኑ አለመነገሩ ነው። እንደ ቅንፉ ያሉ የአጻጻፍ ምልክቶች ፍቺ በመግቢያው ይጻፍ፤ መግቢያ የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለሆነ ከየማጣቀሻው ገጽም ወደዚያ የሚመራ ማገናኛ ይኑር።

ምልክት፦ በትልልቅ ፊደላት የተሰየመ ሠንጠረዥ «የለም» ይባላል። ፖስትግሬስኪውኤል በድርብ ጥቅስ ያልተከበበን ስም ወደ ትንንሽ ፊደላት ይለውጣል፤ ይህ ደንብ በየትዕዛዙ ገጽ ሳይደጋገም ስለ ቃላት አጻጻፍ በሚያስረዳው ምዕራፍ አንድ ጊዜ ይጻፍ።

ጽሑፍን ከንድፍ ጋር የሚያመሳክረው የ«ላይክ» ንድፍ አጻጻፍም ቦታው የ«ሴሌክት» ገጽ ሳይሆን የኦፕሬተሮችና የፈንክሽኖች ምዕራፍ ነው።